ፓስወርዱ ትክክል ነው፣ ሰርቨሩ ግን አላስገባ ብሏል፦ ጥያቄና መልስ

ስለ አክቲቭ ዳይሬክተሪ (የቢሮ ኮምፒውተሮችንና አካውንቶችን በአንድ ቦታ የሚያስተዳድረው የማይክሮሶፍት ሥርዓት) ያላችሁን ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ከሎጊንና ከባካፕ ውጪ የጠየቀ የለም ማለት ይቻላል። እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ መብራት ጠፍቶ ከመጣ ወዲህ ግማሹ ሠራተኛ ይገባል፣ ግማሹ አይገባም። ፓስወርድ ቀየርኩላቸው፤ ያው ነው።

መልስ፦ ፓስወርዱን ተወውና ሰዓቱን እይ። ከርቤሮስ (የሎጊን ማረጋገጫው ዘዴ) በኮምፒውተሩና በዶሜይን ኮንትሮለሩ (አካውንቶቹን ይዞ ሎጊን የሚያጣራው ሰርቨር) መካከል የሚታገሠው የሰዓት ልዩነት፣ ካልተቀየረ በቀር 5 ደቂቃ ነው። ከዚያ ካለፈ ቲኬት (የመግቢያ ፈቃድ) የለም። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ባትሪ ከሞተች፣ መብራት በጠፋ ቁጥር የሰርቨሩ ሰዓት ይዛባል። ዶሜይን (አብረው የሚተዳደሩት የቢሮው ኮምፒውተሮችና አካውንቶች) ውስጥ ደግሞ የሁሉም ሰዓት መነሻ ፒዲሲ ኢሙሌተር የሚባለውን ሥራ የያዘው ኮንትሮለር ነው። እሱ ሲሳሳት ከፊሉ ይከተለዋል፣ ከፊሉ ይቀራል። ግማሽ በግማሽ የሆነብህም ለዚህ ይመስለኛል። እሱን ብቻ ከውጭ ኤንቲፒ (ትክክለኛ ሰዓት የሚያድል) ሰርቨር ጋር አገናኝ፤ ሌሎቹ ከእሱ ይውሰዱ። ቨርቹዋል ማሽን (በሌላ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ) ከሆነ ሆስቱ (የተሸከመው ኮምፒውተር) የራሱን ሰዓት እንዳይጭንበት አጥፋው። ባትሪዋንም ቀይራት።

ጥያቄ፦ አንድ ሠራተኛችን የኮምፒውተሩን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር አድርጎታል፤ ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን 2 ይላል። እሱ ይሆን የማይገባው በዚህ?

መልስ፦ እንዴት እንዳደረገው ይለያያል። ከርቤሮስ የሚያወዳድረው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነው። ታይም ዞኑን ብቻ ቀይሮ ከሆነ፣ ለምሳሌ ቦነስ አይረስን መርጦ፣ ዩቲሲው ስላልተነካ ይገባል። (ብልህ ሰው ነው!) ሰዓቱን ራሱን 6 ሰዓት ወደ ኋላ መልሶት ከሆነ ግን ችግሩ እሱ ነው። ደግሞ ተራ ዩዘር ሰዓት መቀየር አይችልም። ከቻለ በማሽኑ ላይ የአድሚን መብት አለው ማለት ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው።

ጥያቄ፦ የሒሳብ ክፍል ባልደረባችን አካውንት በቀን ስንቴ ሎክ እንደሚሆን አልነግርህም። ሰለቸኝ።

መልስ፦ አይዞሽ። ፒዲሲ ኢሙሌተሩ ላይ የሴኩሪቲ ሎጉን ክፈችና 4740 የሚለውን የክስተት ቁጥር ፈልጊ። ሙከራው ከየትኛው ማሽን እንደመጣ ይነግርሻል። ብዙ ጊዜ አሮጌ ፓስወርድ የያዘ ስልክ ወይም የተረሳ ሪሞት ዴስክቶፕ ነው።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔት ሲዘገይብን የሁሉንም ኮምፒውተር ዲኤንኤስ (ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉመውን ሰርቨር) 8.8.8.8፣ ማለትም የጉግልን፣ አደረግን። አሁን ዶሜይኑ አልተገኘም ይላል።

መልስ፦ መልሱት። 8.8.8.8 የቢሯችሁን ዶሜይን ከየት ያውቀዋል? ኮምፒውተሮቹ ኮንትሮለሩን ይጠይቁ፤ 8.8.8.8ን ኮንትሮለሩ ላይ ፎርዋርደር (ራሱ የማያውቀውን ስም የሚጠይቀው) አድርጉት።

ጥያቄ፦ የኮንትሮለሩን ቪኤም (ቨርቹዋል ማሽን) በየሳምንቱ ስናፕሾት (የዚያን ቅጽበት ምስል) አነሳለሁ። ባካፕ ብዬ ልቁጠረው?

መልስ፦ አትቁጠረው። ስናፕሾቱ ያለው እዚያው ዲስክ ላይ ከሆነ ዲስኩ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ወደ ኋላ ስትመልሰውም አንዱ ኮንትሮለር ትናንት ላይ፣ ሌላው ዛሬ ላይ ይሆኑና ሪፕሊኬሽኑ (እርስ በርስ ዳታ መለዋወጣቸው) ሊበላሽ ይችላል። ከዊንዶውስ ሰርቨር 2012 ወዲህ፣ ሃይፐርቫይዘሩ (ቪኤሞቹን የሚያሠራው ሶፍትዌር) የሚደግፈው ከሆነ ለዚህ መከላከያ አለ፤ ቢሆንም እኔ አልተማመንበትም። በዊንዶውስ ሰርቨር ባካፕ ሲስተም ስቴቱን (ዳይሬክተሪው ያለበትን የሲስተም ክፍል) ውሰድ፣ ቅጂውንም ከሰርቨሩ ውጪ አስቀምጥ።

ጥያቄ፦ እጄ ላይ ያለው የ8 ወር ባካፕ ነው። ይሠራል?

መልስ፦ ቶምስቶን ላይፍታይም የሚባለው፣ የተሰረዘ ነገር ምልክቱ የሚቆይበት ገደብ በአብዛኛው 180 ቀን ነው። ከዚያ ያረጀ ባካፕ፣ የተሰረዙ አካውንቶችን ከሞት ስለሚያስነሳ አትጠቀሚበት። ሌላ ጤነኛ ኮንትሮለር ካለሽ ሪስቶር ጭራሽ አያስፈልግሽም። የሞተውን ከዳይሬክተሪው አጽጂ፣ አዲስ ሰርቨር ኮንትሮለር አድርጊ፣ ዳታው ከጤነኛው ይመጣል። ለወደፊቱ የዳይሬክተሪ ሰርቪስ ሎግ ላይ 2089 ካየሽ፣ ባካፕ ከተወሰደ ቆይቷል እያለሽ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ሙሉ ኦዩ (ዩዘሮች የሚሰበሰቡበት የዳይሬክተሪ ክፍል) ተሰረዘብን። ከባካፕ መለስኩት፣ ዩዘሮቹ ታዩ፣ ትንሽ ቆይተው ግን ጠፉ። እብድ ልሆን ነው።

መልስ፦ ሪስቶርህ ሠርቷል። ሁለተኛው ኮንትሮለር ነው መልሶ የሰረዘብህ። እሱ ዘንድ የመጨረሻው ዜና ኦዩው ተሰርዟል የሚል ነው፤ የመለስከው ደግሞ የቆየ ስለሆነ የእሱ ያሸንፋል። እንደገና በዲኤስአርኤም (ለዳይሬክተሪ ጥገና በሚሆነው አነሳስ) ተነሳ፣ ሪስቶር አድርግ፣ ከዚያ ወደ ኖርማል ሳትመለስ በኤንቲዲኤስዩቲል (የዳይሬክተሪ ጥገና ትእዛዝ) ኦዩውን ኦቶሪቴቲቭ (የሚጸናው ይሄ ነው) ብለህ ምልክት አድርግበት። ያኔ ሌላው የአንተን ይቀበላል። ሲያልቅ የአክቲቭ ዳይሬክተሪ ሪሳይክል ቢንን (የተሰረዘን መመለሻውን) አብራው። ከዊንዶውስ ሰርቨር 2008 አር2 ጀምሮ አለ፣ ግን ራሱ አይበራም። አንዴ ካበራኸው አይጠፋም፤ ከማብራትህ በፊት የተሰረዘውንም አይመልስም።

ጥያቄ፦ ያልከውን ዲኤስአርኤም ልሞክር ስል ፓስወርድ ጠየቀኝ። የዶሜይን አድሚኑን አይቀበልም። ሰርቨሩን የተከለው ልጅ ሥራ ለቋል።

መልስ፦ የዲኤስአርኤም ፓስወርድ ለብቻው ነው፤ ሰርቨሩ ኮንትሮለር ሲሆን የተሰጠው። ሪስታርት አድርገህ በኖርማል ግባ፣ በዚያው ኤንቲዲኤስዩቲል አዲስ ስጠው፤ አሮጌውን አይጠይቅህም። በእያንዳንዱ ኮንትሮለር ላይ ለየብቻ ነው የሚቀየረው። ወረቀት ላይ ጽፈህ ካዝና ውስጥ ቆልፍበት፤ ዶሜይኑ በወደቀ ቀን ፋይል ሰርቨር ላይ ያለ ኤክሴል አይከፈትልህም።