እናቴን የያዛት አልዛይመር ለእኔም ይተርፍ ይሆን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። እናቴ በ76 ዓመቷ አልዛይመር እንዳለባት ተነገረን። እኔ 48 ዓመቴ ነው። በሽታው በዘር ይሄዳል ይባላል፤ ጂኑ የቱ እንደሆነ ግን የሚነግረኝ አጣሁ። ብመረመር ይታወቃል?

መልስ፦ መጀመሪያ የማየው እናትዎ የታመሙበትን ዕድሜ ነው። በ40ዎቹና በ50ዎቹ ዕድሜ ጀምሮ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚወርድ ዓይነት አለ። ኤፒፒ፣ ፕሬሰኒሊን 1 ወይም ፕሬሰኒሊን 2 በሚባሉት ጂኖች ላይ ካለ ለውጥ የሚመጣ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ከሕሙማኑ ግን 1 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ የእናትዎም ይህ አይመስልም።

በእርጅና የሚመጣውን አንድ ጂን ብቻውን አያመጣውም። እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ጎልቶ የሚታወቀው አፖኢ 4፣ ማለትም አፖኢ የሚባለው ጂን አንዱ ዓይነት ነው። ከአንድ ወላጅ የወረሰው ሰው የመታመም ዕድሉ ከ2 እስከ 3 እጥፍ፣ ከሁለቱም የወረሰው ከ8 እስከ 12 እጥፍ ይጨምራል። እነዚህ ቁጥሮች በአብዛኛው ከአውሮፓ ዘር ሰዎች የተገኙ ናቸው፤ አፍሪካዊ ዘር ባላቸው ላይ የአፖኢ 4 ጉልበት ቀነስ ይላል። ይዘውት ሳይታመሙ የሚያረጁ፣ ሳይኖራቸው የሚታመሙም ብዙ ናቸው።

የተቀሩት ከበሽታው ጋር የተያያዙ ከ70 በላይ የዲኤንኤ ቦታዎች ናቸው፤ የአብዛኞቹ ድርሻ በየግሉ ኢምንት ነው። ፍለጋው የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው። አንድ ሚሊዮን የዲኤንኤ ነጥብ በተለመደው የ5 በመቶ መመዘኛ (በአጋጣሚ የመታየት ዕድሉ ከ5 በመቶ ካነሰ ይቀበሉት በሚለው) ቢፈተሽ፣ 50,000ው በአጋጣሚ ብቻ “ተገኘ” ይባላል። ስለዚህ መመዘኛው ከ100 ሚሊዮን 5 ወደሚል ዕድል ጠብቋል፤ ደካማ ጂን ይህን የሚያልፈው በአሥርና በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሲመረመሩ ነው።

ከዚህ የባሰው፣ በእኔ ግምት፣ ሕመምተኛውን ከጤነኛው መለየቱ ነው። አልዛይመር የተባለ ሰው አንጎሉ ከሞት በኋላ ሲታይ ብዙ ጊዜ የደም ሥር ጉዳት የተቀላቀለበት ሆኖ ይገኛል። ጤነኛ ተብሎ የተመዘገበው የ65 ዓመት ሰውም በ80 ሊታመም ይችላል። የዲኤንኤ ነጥቡ ቢገኝ እንኳ ጎረቤት ነጥቦቹ አብረው ስለሚወረሱ ሰፈሩን እንጂ ቤቱን፣ ማለትም ትክክለኛውን ጂን አይነግረንም።

ስለዚህ ምልክት ሳይኖርዎት አፖኢን እንዲመረመሩ አልመክርም፤ ውጤቱ ሕክምናዎን አይለውጥም። ከቤተሰቡ ብዙዎች ከ65 ዓመት በፊት ታመው ከሆነ ግን የዘረመል አማካሪ ያነጋግሩ፤ ምርመራውም ከታመመው ሰው ቢጀመር ይሻላል። እናትዎ እንደ ሌካኔማብ ያለ የአልዛይመር መድኃኒት ሊጀምሩ ከሆነ የእሳቸው አፖኢ አስቀድሞ ይታይ፤ ሁለት አፖኢ 4 ባላቸው ሰዎች ላይ የአንጎል እብጠትና መድማት ይበዛል። እርስዎ የደም ግፊትዎን፣ ስኳርዎንና የመስማት ችሎታዎን ያስለኩ። መርሳት ከጀመረዎት ደግሞ ከጂን በፊት የታይሮይድ፣ የቫይታሚን ቢ12 እና የድብርት ምርመራ ይቅደም፤ የሚወስዱት የእንቅልፍ ኪኒን ካለም ለሐኪምዎ ይንገሩ።