ጥያቄና መልስ፦ የማላምንበትን ወረቀት ልፈርም?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። ወለተ ማርያም እባላለሁ። ከአያት ባሻገር ካሉት ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ ነው የምኖረው። ከብሎካችን ጀርባ፣ እኛ ከመምጣታችን በፊት ጀምሮ የሚኖሩ አንዲት እማማ አሉ። ግቢያቸው ለልማት ይፈለጋል ተባለ። ባለፈው ቅዳሜ ስብሰባ ተጠራን። "ተነሺዎቹ በፈቃዳቸው ተስማምተዋል፣ ነዋሪውም ደግፏል" የሚል ወረቀት ዞረ። እማማ ግን ካሳው ስንት እንደሆነ እንዳልተነገራቸው፣ እንዳልተስማሙም ለእኔ ነግረውኛል። ከፊቴ ያሉት ሁሉ ፈረሙ። እኔ ልጄን አሞታል ብዬ ወጣሁ። ልጄ ግን ደህና ነበር። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ ተጠርተናል። አንድ አገልጋይ ሮሜ 13ን ጠቅሶ መንግሥትን መጠየቅ ኃጢአት ነው አለኝ። በራስ ማሰብ ትዕቢት ነው? ደግሞ ባንክ ቤት የፋይዳ መታወቂያ አምጪ ብለውኛል፤ የአውሬው ምልክት ነው የሚሉ ስላሉ እስካሁን አላወጣሁም። ቁጥጥሩ በየቀኑ ወደ ቤታችን እየገባ ያለ ይመስለኛል። ልጆች አሉኝ፣ እፈራለሁ።

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

እኅቴ ወለተ ማርያም፣ መልእክትሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ብዙ ጠይቀሻል። ከሁሉም የከበደኝ ግን ያቺ ወረቀት ናት። ከእሷ ልጀምር።

የናቡቴን ታሪክ ታውቂዋለሽ። ሰንበት ትምህርት ቤት ስንማረው አክዓብንና ኤልዛቤልን ረግመን እናልፋለን። እስቲ 1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 21ን አንድ ጊዜ ቀስ ብለሽ አንብቢው። ንጉሡ ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ ያለውን የናቡቴን የወይን ቦታ ፈለገ። የተሻለ ቦታ ወይም ዋጋውን በገንዘብ እሰጥሃለሁ አለው። ናቡቴ "የአባቶቼን ርስት እሰጥህ ዘንድ እግዚአብሔር ያርቅልኝ" አለ። ንጉሡ አኩርፎ ተኛ። እህል አልበላም አለ። እስከዚህ ድረስ ማንም አልሞተም። አክዓብ ክፉ ንጉሥ ቢሆንም የሰው ርስት ዝም ብሎ እንደማይነጠቅ ያውቅ ነበር።

ከዚያ ሚስቱ ኤልዛቤል ደብዳቤ ጻፈች። በንጉሡ ስም፣ በንጉሡ ማኅተም። ደብዳቤው የተላከው ለጦር አለቃ አልነበረም። በናቡቴ ከተማ ለሚኖሩ ሽማግሌዎችና ከበርቴዎች ነው የሄደው። ጾም አውጁ፤ ናቡቴን በሕዝቡ ፊት አስቀምጡት፤ ሁለት ሰዎች እግዚአብሔርንና ንጉሡን ሰድቧል ብለው ይመስክሩበት፤ ከዚያ በድንጋይ ውገሩት ይላል። ሽማግሌዎቹም እንደተጻፈላቸው አደረጉ። ጉባኤው ተቀመጠ፣ ምስክሩ ቀረበ። ሥርዓቱ ሁሉ የተሟላ ነበር። ጾሙ እንኳ አልቀረም።

እኔን ሁልጊዜ የሚያመኝ እዚህ ላይ ነው። ኤልዛቤል አንድም ድንጋይ አልወረወረችም። ድንጋዩን ያነሱት የናቡቴ ሀገር ሰዎች ናቸው። በየቀኑ በደጁ የሚያልፉ፣ ሰላም የሚሉት ሰዎች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ "እኔ ይህን ከናቡቴ አፍ አልሰማሁም" ቢል ኖሮ ነገሩ ምን ይሆን ነበር? መጽሐፉ ይህን አይነግረንም። እንዲህ ያለ ሰው በዚያ ቀን አልተገኘም።

ያንቺም ወረቀት ምስክርነት ነው። "በፈቃዳቸው ተስማምተዋል" ከሚል ቃል ሥር ስምሽን ካሰፈርሽ፣ ስለ እማማ ልብ እየመሰከርሽ ነው። እሳቸው ደግሞ አልተስማማሁም ብለውሻል። "በባልንጀራህ ላይ በሐሰት አትመስክር" (ዘጸ. 20፥16) የተባለው እንዲህ ላለው ቀን ነው። ስለዚህ አትፈርሚ። እኔም ጭቃ እየረገጥኩ ታክሲ የምጠብቅ ሰው ነኝ፤ መንገድ ቢሠራ፣ ትምህርት ቤት ቢከፈት ደስ ይለኛል። ግን ለመንገድ ተብሎ በጎረቤት ላይ በሐሰት አይፈረምም።

አለመፈረም ማለት ደግሞ መጨቃጨቅ ማለት አይደለም። ወረቀቱ ሲደርስሽ መጀመሪያ ከላይ እስከ ታች አንብቢው። "አንዴ ላንብበው" ማለት መብትሽ ነው። ብዙ ሰው የሚፈርመው ሳያነብ ነው፣ ከኋላ ያለው እየጠበቀው ስለሚያፍር። አቴንዳንስ ከሆነ ፈርሚ፤ ተገኝተሻልና። ቃለ ጉባኤ ከሆነና ያላየሽውን ካስመሰከረሽ "ይህን አላውቅም፣ ስለዚህ መመስከር አልችልም" በይ። ሌላ ነገር አትጨምሪ። ማንንም አትሳደቢ። ወረቀቱን ያዞረው ልጅም ታዝዞ ነው፤ እሱም እንጀራ ፈላጊ ነው።

ልጄን አሞታል ስላልሽው፣ እሷም ውሸት ናት። ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። ግን አንድ ነገር አስተውዪ። ከዚያ አዳራሽ የወጣሽው ኅሊናሽ እምቢ ስላለ ነው። ኅሊናሽ በሕይወት አለ፤ እግዚአብሔርን አመስግኚ። የቀረሽ ያለ ውሸት እምቢ ማለት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሮሜ 13 እንምጣ። "ነፍስ ሁሉ በበላይ ላሉት ባለ ሥልጣኖች ይገዛ" ይላል፤ እውነት ነው። ግብር እንከፍላለን። ሕግ እናከብራለን። በቅዳሴያችን ስለ ሀገር መሪዎች እንጸልያለን፣ ከልባችን። ነገር ግን ይህን ቃል የጻፈው ቅዱስ ጳውሎስ ራሱ እንዴት እንደኖረ እንይ። በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ ገርፈው አሰሩት። በማግስቱ ገዢዎቹ በስውር ሊለቁት ፈለጉ። እሱ ግን አይሆንም፣ የሮሜ ሰው ነኝ፣ "ራሳቸው መጥተው ያውጡን" አለ። ገዢዎቹም መጥተው ለመኑት (ሐዋ. 16)። በኢየሩሳሌም ሊገርፉት ሲያስሩት የመቶ አለቃውን ያለ ፍርድ ልትገርፈኝ ተፈቅዶልሃልን ብሎ ጠየቀው። በፊስጦስ ፊት ደግሞ ወደ ቄሣር ይግባኝ አለ። ሕግን ያከበረ ሰው በሕግ ጠየቀ። ሐምሌ 5 የምናከብረው ይህንኑ ጳውሎስን ነው፤ በመጨረሻ በዚያው በሮም በሰይፍ የሞተውን።

የሀገራችንም ሕግ ይህንኑ ይፈቅድልሻል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ስለ እምነትና አመለካከት ነፃነት፣ አንቀጽ 29 ሐሳብን ስለ መያዝና መግለጽ ይናገራል። አንቀጽ 40 ደግሞ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም የግል ንብረት ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ መክፈል እንዳለበት ይደነግጋል። እማማ "ካሳዬ ስንት ነው?" ቢሉ ሕጉን ጠቀሱ እንጂ አላመፁም። "ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" የሚለው ተረት የእኛ ነው፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ግን አይደለም። ነቢዩ ናታን ለንጉሡ ለዳዊት "ያ ሰው አንተ ነህ" ብሎታል። ዳዊትም ናታንን አላሳሰረውም። በደልሁ ብሎ አለቀሰ። ዛሬ በየጸሎታችን የምንደግመው 50ኛው መዝሙር ከዚያ ለቅሶ የመጣ ነው።

በራስ ማሰብ ትዕቢት ነው ወይ ላልሽው ትንሽ ልቆይበት። አባቶቻችን የሰው ነፍስ ሕያዊት፣ ነባቢትና ለባዊት ናት ብለው አስተምረውናል። ሕያው ሆና የምትኖር፣ የምትናገር፣ የምታስብ ማለት ነው። ማሰብ ከነፍስሽ ባሕርይ ነው። ሲራክ በምዕራፍ 15 እግዚአብሔር ሰውን ከፈጠረው በኋላ ለገዛ ፈቃዱ እንደተወው፣ እሳትንና ውኃን በፊቱ እንዳኖረለት፣ እጁን ወደ ወደደው እንዲሰድድ እንደፈቀደለት ይነግረናል። ፈጣሪ ያላስገደደውን ሰው ማን ነው የሚያስገድደው?

ስምሽ ወለተ ማርያም ነውና እመቤታችንን ተመልከቺ። መልአኩ ገብርኤል ታላቁን ብሥራት ሲነግራት ወዲያው እሺ አላለችም። "ወንድ ስለማላውቅ ይህ እንዴት ይሆናል?" ብላ ጠየቀች። መልአኩም አልተቆጣትም፤ አብራርቶ መለሰላት። ከዚያ በኋላ ነው "እንደ ቃልህ ይሁንልኝ" ያለችው። ከንግሥተ ሰማያት የሚበልጥ ትሕትና የት እናገኛለን? እሷም ግን ጠይቃ፣ ተረድታ፣ ወዳ ነው የታዘዘችው። ሰማይና ምድርን የያዘ አምላክ የአንዲት ድንግልን እሺታ ጠብቋል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል።

እኔ ያደግኩት በቅኔ ቤት ነው። ቀን ከዛፍ ሥር ለብቻችን ተቀምጠን ቅኔ እንቆጥራለን፤ ከዚያ ለየኔታ እንነግራለን። የሰው ቅኔ ይዞ የመጣ ተማሪ ያፍራል። የኔታ ያርማሉ፣ ይቆጣሉም። ግን ከተማሪው የሚፈልጉት የራሱን ነው። የመጻሕፍቱ ትርጓሜ አንድምታውም ያው ነው፤ "አንድም" እያለ ያንኑ ቃል ከብዙ አቅጣጫ ያሳየናል። ቤተ ክርስቲያን ጭንቅላትሽን ደጅ ጥለሽ ግቢ ብላሽ አታውቅም። ትዕቢት የሚሆነው አስበሽ ከደረስሽበት በኋላ አልታረምም ስትዪ ነው።

ይህ ደግሞ በመንግሥት ነገር ላይ ብቻ አይሠራም። በቴሌግራም የሚዞረውንም መርምሪ። ፋይዳን በተመለከተ አጭር መልስ ልስጥሽ፦ የአውሬው ምልክት አይደለም። በራእየ ዮሐንስ ያለው ምልክት ለአውሬው ከመስገድ ጋር የተያያዘ ነው። ፋይዳ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመ ባለ 12 አኃዝ መታወቂያ ነው። ማንም ስገጂ አላለሽም። ጌታችን ራሱ የተወለደው ዮሴፍና እመቤታችን ለአውግስጦስ ቄሣር ቆጠራ ሊመዘገቡ ወደ ቤተ ልሔም ሲወርዱ ነው። መመዝገብ ኃጢአት አልሆነባቸውም። በሌላ በኩል ዳዊት ሕዝቡን በቆጠረ ጊዜ ልቡ መታው፤ በደልሁ አለ። ቆጣሪም በምን ልብ እንደቆጠረ ይጠየቃል ማለት ነው። ስለዚህ አውጪው፤ የጣት አሻራዬና የዓይኔ ምስል የት ይቀመጣል፣ ማን ያየዋል ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው። ለዚህም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል።

ፍርሃትሽን አልንቀውም። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሺስት ጥይት ሲወድቁ፣ ለወራሪው ተገዙ ብለው ሕዝቡን እንዲያዝዙ ተጠይቀው እምቢ ብለው ነው። ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስን ደርግ አስሮ በ1971 ዓ.ም. ገደላቸው። እነዚህ አባቶች መብራቶቻችን ናቸው። ግን ልጆቿን የምታሳድግን እናት እንደ አቡነ ጴጥሮስ ሁኚ ብዬ አላዝዛትም። ለዚያ ጸጋውን የሚሰጠው እግዚአብሔር ነው።

በዚያው በአክዓብ ዘመን ሌላ ሰው ነበር፤ አብድዩ ይባላል። የንጉሡ ቤት አዛዥ ነው። ኤልዛቤል ነቢያትን ስታስገድል መቶውን በሁለት ዋሻ ሸሽጎ እንጀራና ውኃ መገባቸው (1ኛ ነገ. 18)። ሥራውን አልለቀቀም፣ አደባባይም አልወጣም። እጁን ግን በደም አልነከረም። ዝም የምትዪበት ጊዜ ይኖራል። ዝምታ ሁሉ ኃጢአት አይደለም፤ ጌታም በሄሮድስ ፊት ዝም ብሏል። ሐሰት ግን ሁልጊዜ ሐሰት ነው። ዝም በይ ሲሉሽ ልትችዪ ትችያለሽ፤ ዋሺ ሲሉሽ ግን አትችዪም። በዚህ በኩል ከጸናሽ ብዙው ነገር ይቀልልሻል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሁላችንም ስለ ወረቀቷ ስናወራ እማማ ብቻቸውን እንዳይቀሩ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ በኩል ጠብቂኝ። አብረን ቤታቸው እንሄዳለን። ከሰንበት ትምህርት ቤታችን አቤቱታ መጻፍ የሚችል ልጅ ይዤ እመጣለሁ። ቡናውን አንቺ ያዢ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።