ስገባ ወሬ ይቆማል

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ትዕግሥቴ አልቋል። ውጭ አገር ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቼ በደህንነት መረጃ ትንተና ማስተርሴን ሠርቼ ባሕር ዳር ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሸሸኝ። እናቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ጨዋታው ደርቶ ይቆያል፤ እኔ ስገባ ጎረቤቶች ሲኒው እጃቸው ላይ እንዳለ ጸጥ ይላሉ። ከዚያ ስለ በርበሬ ዋጋ ይጀመራል። በቀደም ከጓደኞቼ ጋር ጣና ዳር አሳ ጉላሽ ልንበላ ስንቀመጥ አንዱ «ስልካችሁን አጥፉ፣ ጆሮ ጠቢዋ መጣች» አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

አጎቴ ደግሞ በየሳምንቱ ይደውላል። «ደህንነት መሥሪያ ቤት ሰው አለኝ፣ አንድ ቃል ብቻ በይኝ» ይላል። አልፈልግም ስለው «ታዲያ ምን ልትሆኚበት ተማርሽው?» ይላል። አባቴ አይናገርም፤ ልቡ ከአጎቴ ጋር እንደሆነ ግን ይገባኛል።

አሁን የምሠራው አንድ ባንክ ቅርንጫፍ መስኮት ላይ ነው። ብር መቀበል፣ ብር መክፈል። ለዚህ ማስተርስ አያስፈልግም። አንዴ አንድ ሒሳብ ላይ ከየከተማው ትንንሽ ብር እየገባ ወዲያው ተጠቅልሎ ሲወጣ አይቼ ለአለቃዬ ነገርኩት። «አንቺ ደግሞ ሁሉ ነገር ይሸትሻል» አለኝ። ተውኩት።

ጎረቤቱም፣ ጓደኛውም፣ አጎቴም የሚያዩት ያቺን ወረቀት እንጂ እኔን አይደለም። ልጠይቅዎት የፈለግኩት ይህን ነው፦ ማስተርሱን ከሲቪዬ ላይ ባጠፋውስ?

ግራ የገባኝ፣ ከባሕር ዳር

*

ልጄ፣

አጎትሽ ይቆዩ። ስለዚያ ሒሳብ እናውራ። (ዝርዝሩን ከደብዳቤሽ ላይ ቆርጬ አውጥቼዋለሁ። የደንበኛ ጉዳይ ለእኔም መጻፍ አልነበረብሽም።)

ሒሳቡ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ እቁብ ሰብሳቢ ይሆናል፤ ወይም ለታመመ ሰው መዋጮ እየተሰበሰበ ይሆናል። እቁብ ግን ቀን አለው። የሚያስገቡት ያው ሰዎች ናቸው፣ መጠኑም ያው ነው፤ በየዙሩ የሚለወጠው ወሳጁ ነው። መዋጮ አንድ ሰሞን ይጎርፍና ይደርቃል። የማጭበርበር ገንዘብ ሲሆን ግን አንዴ ያስገባ ሰው ተመልሶ አይመጣም፣ ብሩም አያድርም። «ሎተሪ ደርሶዎታል» ተብለው የተደወለላቸው እናቶች ብር እንዲህ ነው የሚያልፈው። ሁሉንም ግምት ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ የሚደግፈውን ሳይሆን የሚያፈርሰውን ማስረጃ መፈለግ፤ የሲአይኤው ሪቻርድስ ሄዩር ለተንታኞች ያስተማረው ይህንኑ ነው። አንቺ ደግሞ ተምረሽዋል። በዚያ ሁሉ ሰልፍና ግርግር መሃል ዓይንሽ የገባው ለዚህ ነው።

መተውሽን ሳነብ ግን ተቆጣሁ። አለቃሽ ስላጣጣለው ጉዳዩ አይዘጋም። ባንኮች የሚያጠራጥር ግብይት ሲያጋጥማቸው እንዲያሳውቁ በአዋጅ ግዴታ ተጥሎባቸዋል። ባንክሽ ይህን የሚከታተል ክፍል አለው፤ እናንተ ኮምፕሊያንስ የምትሉት። ለእነሱ በጽሑፍ ስጪ። ምን እንዳየሽ፣ መቼ፣ ለምን እንደጠረጠርሽ፣ ጥርጣሬሽን የሚያፈርስ ነገር ካለም እሱን ጨምሪ። ለደንበኛውም ለባልደረባም ትንፍሽ እንዳትዪ።

ያ ክፍል ለአንቺ ትክክለኛው ቦታ ነው። የፋይናንስ ደህንነት አገልግሎትም ከየባንኩ የሚመጣውን ሪፖርት የሚመረምር ሰው ይፈልጋል። አዲስ አበባ ያለው የኢጋድ የግጭት ቅድመ ማስጠንቀቂያ ማዕከልም አለ። የእርዳታ ድርጅቶችም የትኛው መንገድ ለሠራተኞቻቸው እንደሚያሰጋ የሚገመግም ሰው ይቀጥራሉ። ሙያው ጆሮ መጥባት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ መልክ ካስያዙት ሰዎች አንዱ ሸርማን ኬንት የዬል ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህር ነበር።

አሁን ወደ አጎትሽ። ደህንነት መሥሪያ ቤት መሥራት ነውር አይደለም። ወደሽ፣ ተወዳድረሽ ብትገቢ እመርቅሽ ነበር። በዘመድ ግን አይሆንም፤ በዚህ ጉዳይ አልለሳለስም። የተንታኝ ትልቁ ሥራ አለቃው መስማት የማይፈልገውን መንገር ነው። በአጎቷ ሰው የገባች ልጅ ይህን በምን አፏ ትናገራለች? «አመሰግናለሁ አጎቴ፣ ሥራ ይዣለሁ» በያቸው። አባትሽን ግን ለብቻቸው አግኝተሽ ምን እንደምትሠሪ በወጉ አስረጃቸው። ዝም ያሉት ስላልገባቸው ይመስለኛል።

ጎረቤቶችሽን አትቀየሚያቸው። እነዚያ እናቶች በጆሮ ጠቢ ምክንያት ሰው ከቤቱ ሲወሰድ ባዩበት ዘመን ያደጉ ናቸው። ዝም ሲሉ አንቺ ጀምሪ። የሎተሪውን የስልክ ማጭበርበር ወሬ አንሺላቸው፤ የተደወለላት አትጠፋም። ጓደኛሽን ግን ቀልዱ እንዳመመሽ ፊት ለፊት ንገሪው።

ሲቪሽ ላይ ማስተርሱ ይቆይ። ከሥሩ የምትችዪውን በግልጽ ጻፊ፦ የገንዘብ እንቅስቃሴን መመርመር፣ አጠራጣሪ ግብይትን መለየት፣ ለውሳኔ ሰጪ አጭር ሪፖርት ማዘጋጀት። ኮምፕሊያንስ ክፍል የውስጥ ማስታወቂያ ሲያወጣ ተወዳደሪ፤ ቦታው አዲስ አበባ ቢሆንም ሂጂ። ያንን ጽሑፍ ግን ማስታወቂያ ሳትጠብቂ፣ ሳትውይ ሳታድሪ አስገቢ።