ባትሪ ብገዛ የመብራት ሂሳቤ ይቀንሳል? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ከአዲስ አበባ ዙሪያ የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ሶላር ባትሪ ናቸው። በዚህ እትም ከቆጣሪና ከክፍያ ጋር የሚያያዙትን አምስቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ ባለ 3 ኪሎዋት ፓነል፣ 5 ኪሎዋት ኢንቨርተርና ባለ 5 ኪሎዋት ሰዓት ሊቲየም ባትሪ እንዳስገባ ሐሳብ ቀርቦልኛል። ሻጩ «ባትሪው በሦስት ዓመት ውስጥ ከመብራት ሂሳብዎ ወጪውን ይመልሳል» አለኝ። በወር 260 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ እጠቀማለሁ። እውነት ነው? (ከለገጣፎ)

መልስ፦ ፓነሉንና ባትሪውን ለየብቻ ያስሉ። ሻጮች አንድ ላይ ሲያቀርቡት ፓነሉ ያተረፈው ለባትሪው ይቆጠርና ሂሳቡ ያማረ ይመስላል።

የእርስዎ ቤት በቀን ወደ 8.7 ኪሎዋት ሰዓት ይጠቀማል። 3 ኪሎዋት ፓነል በእኛ አየር በበጋ በቀን 12 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ይሰጣል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን በጣም ይወርዳል። ልብስ ማጠብን፣ ካውያን፣ የውሃ ፓምፕንና እንጀራ መጋገርን ፀሐይ ወዳለበት ሰዓት ካመጡ፣ ከፍጆታዎ ግማሽ ያህሉ ባትሪ ሳይነካ በቀጥታ ከፓነሉ ይሸፈናል። ባትሪው የሚጨምርልዎ የቀረውን የማታውን ብቻ ነው።

ስያሜው 51.2 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት የሆነ ባትሪ 5.12 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል። ዕድሜው እንዲረዝም 80 በመቶውን ብቻ ቢጠቀሙ 4.1 ይሆናል፤ ኢንቨርተሩ (የፓነሉንና የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው መሣሪያ) የሚያባክነውን አሥር በመቶ ሲቀንሱ ወደ ቤት የሚገባው 3.7 ነው። በየቀኑ ቢሞላና ቢወርድ እንኳ በወር 110 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አሁን ዋጋ እንተምንለት። ባትሪው 180,000 ብር፣ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ደግሞ 5 ብር ነው እንበል፤ በእነዚህ ፋንታ የእርስዎን ቁጥሮች ያስገቡ። በወር 550 ብር፣ በዓመት 6,600 ብር ይተርፋል፤ 180,000ውን ለመመለስ 27 ዓመት ይፈልጋል። ታሪፉ እጥፍ ቢሆን እንኳ ከ13 ዓመት በላይ ነው፤ የብዙ ሊቲየም ባትሪዎች ዋስትና ግን 10 ዓመት ነው። ስለዚህ ሦስት ዓመት የሚለው አይሆንም።

ይህ የሚሆነው በአከፋፈላችን ምክንያት ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ቀንና ሌሊት አይለይም፣ ፓነልዎ ያተረፈውን ወደ መስመር ቢመልሱም በሂሳብዎ ላይ የሚታሰብልዎ ነገር የለም። በሌላ አገር ባትሪ የሚያተርፈው የምሽቱ ዋጋ ከቀኑ ሲበልጥ ነው፤ እኛ ጋ ያ ልዩነት የለም።

የቀረው አንድ መንገድ እርከኑ ነው። ታሪፉ በ50፣ 100፣ 200፣ 300፣ 400 እና 500 ኪሎዋት ሰዓት ላይ እየተሻገረ ይወደዳል። በእርስዎ ደረሰኝ ላይ እንዴት እንደተሰላ ለማወቅ የፍጆታውን ዋጋ (የአገልግሎት ክፍያና ቫት ሳይጨምር) ለኪሎዋት ሰዓቱ ያካፍሉ። ውጤቱ ካሉበት እርከን ዋጋ ጋር እኩል ከሆነ ፍጆታዎ በሙሉ በዚያ ዋጋ ተሰልቷል፤ ያኔ ከ205 ወደ 195 መውረድ ከአሥሩ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይበልጥ ያተርፋል። ውጤቱ ካነሰ ደረጃ በደረጃ ነው የተሰላው፤ ያኔ የሚያተርፉት የላይኛውን እርከን ዋጋ ብቻ ነው። የካርድ ቆጣሪ ያላችሁም በአንድ ወር ሁለት ጊዜ ስትሞሉ ሁለቱን ደረሰኞች በዚሁ መንገድ አስተያዩ። ሁለተኛው ላይ አንዱ ኪሎዋት ሰዓት ከተወደደ እርከኑ በወሩ ድምር እየተቆጠረ ነው፤ የሚቀጥለውን ወር ካርድ አስቀድሞ መሙላት ያን ጊዜ ያስወድዳል።

ታዲያ ባትሪ አይግዙ ማለታችን ነው? አይደለም። የባትሪ ዋጋው መብራት በሚጠፋበት ሰዓት ነው፤ በዚያው ይለኩት። ፍሪጅ፣ አምፖሎች፣ ቴሌቪዥንና ዋይፋይ ለስምንት ሰዓት ከ1.5 እስከ 2 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃቸዋል። ለዚህ 2.56 ኪሎዋት ሰዓት (25.6 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት) በቂ ነው፤ ባለ 24 ቮልት ኢንቨርተር እንደሚፈልግ ግን አይርሱ። ማወዳደር ያለብዎት ከጄነሬተር ቤንዚን ጋር ነው፤ አነስተኛ ጄነሬተር ከአንድ ሊትር የሚያወጣው ሁለት ኪሎዋት ሰዓት ቢሞላ ነው። በዚያ ስሌት መብራት ቶሎ ቶሎ ለሚጠፋበት ቤት ባትሪው ሊያዋጣ ይችላል።

ጥያቄ፦ ግቢዬ ውስጥ አራት ተከራዮች አሉ፤ ሁላችንም በአንድ ቆጣሪ ነን። ሂሳቡ ከብዶኛል። ባትሪ ባስገባ ወደ ታችኛው እርከን እወርዳለሁ? (ከገላን)

መልስ፦ መጀመሪያ ቆጣሪውን ይለዩ። አምስት ቤተሰብ እያንዳንዱ 80 ኪሎዋት ሰዓት ቢጠቀም ድምሩ 400 ነው፤ ሁላችሁም በ301–400 እርከን ትከፍላላችሁ። በየግላችሁ ቢሆን ሁሉም ከ51 እስከ 100 ባለው ውስጥ ነበሩ። ይህን ልዩነት የትኛውም ባትሪ አያመጣውም። ለተጨማሪ ቆጣሪ በአቅራቢያዎ ባለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ማዕከል ያመልክቱ። ገበያ ላይ የሚሸጠው ንዑስ ቆጣሪ ለተከራይ ድርሻ ለማካፈል ይጠቅማል እንጂ እርከኑን አይለውጥም። ተጨማሪ ቆጣሪው እስኪመጣ ከባትሪ ይልቅ ፓነሉን ያስቀድሙ፤ አምስት ቤተሰብ ባለበት ግቢ ቀን ላይ ሁልጊዜ የሚሠራ ነገር ስለማይጠፋ ፀሐዩ በቀጥታ ይበላል።

ጥያቄ፦ ሶላር ካስገባሁ በኋላ የምከፍለው ጨመረ። ባለሙያው «ሊሆን አይችልም» ይለኛል። (ከሱሉልታ)

መልስ፦ በደንብ ሊሆን ይችላል። በቅድሚያ ብሩን ትተው ኪሎዋት ሰዓቱን ያስተያዩ። በመስከረም 2017 የጀመረው የአራት ዓመት የታሪፍ ማስተካከያ በየሦስት ወሩ ዋጋውን ከፍ ስለሚያደርግ፣ ፍጆታዎ ባይጨምርም ብሩ ይጨምራል። ኪሎዋት ሰዓቱም ጨምሮ ከሆነ ሦስት ነገር ይፈትሹ።

አንደኛው ኢንቨርተሩ ራሱ የሚበላው ነው። ባለ 5 ኪሎዋት ኢንቨርተር ምንም ሳይሠራ ከ50 እስከ 60 ዋት ይወስዳል፤ በወር ከ36 እስከ 43 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። በወር 80 ይጠቀም የነበረ ቤት በዚህ ብቻ የ100ን እርከን ይሻገራል። ትልቅ ኢንቨርተር ለትንሽ ቤት መግጠም ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ቅንብሩ ነው። ብዙ ጊዜ ኢንቨርተሩ ሲገጠም ከፋብሪካ እንደመጣ ይተዋል፤ ቤቱን ከመስመር እየመገበ ባትሪውንም ከመስመር ይሞላል፣ ፓነሉ ሥራ ፈቶ ይቀመጣል። ገበያችን ላይ በብዛት ባሉት ሞዴሎች ቁጥር 01 የኃይል ምንጭ ቅደም ተከተል፣ ቁጥር 16 ደግሞ የባትሪ መሙያ ምንጭ ነው፤ ቁጥሮቹን ከራስዎ መመሪያ ጋር ያስተያዩ። 01ን ኤስቢዩ (ፀሐይ፣ ባትሪ፣ መስመር)፣ 16ን «ሶላር ብቻ» ላይ ያድርጉ። ክረምት ላይ ግን 16ን ወደ «ሶላርና መስመር» ይመልሱት፤ አለበለዚያ መብራት ሲጠፋ ባዶ ባትሪ ያገኛሉ። ኤስቢዩ ላይ ሳሉ ባትሪው 50 በመቶ ሲደርስ ወደ መስመር እንዲመለስ ያዙት፤ የቀረው ግማሽ ለጨለማው መጠባበቂያ ነው። ይህ የሚሠራው ባትሪውና ኢንቨርተሩ በመገናኛ ገመድ ከተያያዙ ነው። የሊቲየም ባትሪ ቮልቴጅ መካከል ላይ እምብዛም ስለማይንቀሳቀስ፣ በቮልት ብቻ ከተቀናበረ ግማሹን ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል።

ሦስተኛው ወደ መስመር የሚመለሰው ኃይል ነው። ከመስመር ጋር ተጣምሮ የሚሠራ ኢንቨርተር ትርፉን ወደ ውጭ ይገፋል፤ አንዳንድ ኤሌክትሮኒክ ቆጣሪ ደግሞ አቅጣጫውን ሳይለይ እንደ ፍጆታ ይቆጥረዋል። ፀሐይ በበረታችበት፣ ባትሪውም በሞላበት ሰዓት የኢንቨርተሩን ትተው የቤቱን ብሬከሮች በሙሉ ያጥፉና የቆጣሪዋን ቀይ መብራት ይመልከቱ። 1000 ኢምፐልስ (ብልጭታ) በኪሎዋት ሰዓት የሚል ቆጣሪ በየ60 ሴኮንዱ አንዴ ብልጭ ካለ 60 ዋት ነው፤ ያ የኢንቨርተሩ የራሱ ፍጆታ ነው። በየሁለት ሴኮንዱ ከሆነ 1,800 ዋት ነው። የፓነሉን ማቋረጫ ሲያጠፉ ብልጭታው ከቆመ፣ የራስዎን ፀሐይ እየከፈሉበት ነበር። ባለሙያው ወደ መስመር መላክን ዜሮ ላይ ያድርገው፤ ኃይሉን የሚለካውን የሲቲ ቀለበት አቅጣጫም ይፈትሽ፤ ቀለበቱ ከተገለበጠ ቅንብሩ ብቻውን አያድንም።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም ነኝ፣ ፓነል መስቀያ የለኝም። ባትሪ ሌሊት ከመስመር ሞልቼ ቀን ብጠቀም? (ከኮዬ ፈጬ)

መልስ፦ ለሂሳብ ኪሳራ ነው። ዋጋው ሌሊትም ቀንም አንድ ሆኖ ሳለ በመሙላትና በማውጣት ከ10 እስከ 20 በመቶ ይባክናል። መብራት ለሚጠፋበት ሰዓት ብቻ ከሆነ ይጠቅማል፤ ያኔም 1 ኪሎዋት ኢንቨርተርና አነስተኛ ሊቲየም ይበቃዎታል።

ጥያቄ፦ በሳምንት ሁለት ቀን በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጋግራለን። በባትሪ ማድረግ ይቻላል? (ከሰንዳፋ)

መልስ፦ ለአጭር ጊዜ ይቻላል፤ እኛ ግን አንመክርም። 3.5 ኪሎዋት ምጣድ ሁለት ሰዓት ሲሠራ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ ከላይ የጠቀስነው ባለ 5.12 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ አንድ ሰዓት ብዙም ሳያልፍ ያልቃል። በዚያ ጊዜ ከባትሪው የሚወጣው 76 አምፒር ነው፤ ቀጭን ገመድ ይግላል፣ ልቅ የሆነ ብሎን ይቀልጣል። 25 ካሬ ሚሊሜትር ገመድና 125 አምፒር የዲሲ ብሬከር ያስፈልጋል። ኢንቨርተሩም ሙሉ ጉልበቱን አይሰጥዎትም፤ ብዙዎቹ የሚለኩት እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ያህል ይቀንሳሉ፤ ሰንዳፋ ደግሞ ከዚያ በላይ ናት።

ከረፋዱ 5 እስከ 7 ሰዓት ይጋግሩ። ባለ 3 ኪሎዋት ፓነል ሁለት ኪሎዋት ገደማ ይሸፍናል፣ የጎደለውን መስመሩ ይሞላል። ሲገዙ ግን ኢንቨርተሩ ፀሐይንና መስመርን ቀላቅሎ መስጠት መቻሉን ይጠይቁ። ርካሾቹ ፀሐዩ ካነሰ ጭነቱን በሙሉ ወደ መስመር ያዞሩታል፤ ያኔ በሳምንት ሁለት ቀን የሚሠራው ምጣድ ብቻውን በወር 60 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ቆጣሪዎ ላይ ይጨምራል።