የመኪናውን ሶኬት አትቁረጠው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። የፋብሪካውን ቴፕ አውጥተህ አንድሮይድ ስክሪን ልትገጥም ነው፤ የመኪናው ሶኬት ከአዲሱ ጋር አልገጥም ስላለህ «ቆርጬ ሽቦ በሽቦ ባያይዘውስ?» ብለሃል።

እባክህ አትቁረጠው። ይህን ሥራ ለዓመታት ሠርቻለሁ። «ቴፑ ተበላሸ» ተብለው ከመጡልኝ መኪኖች ብዙዎቹ ቴፓቸው ደህና ነበር። ጉዱ ያለው ከኋላ ነው፦ የተቆረጠ፣ የተጠማዘዘና በናስትሮ የተጠቀለለ የሽቦ ክምር። ናስትሮው በሙቀት ይለቃል፣ ሽቦ ከሽቦ ይነካካል፣ ከዚያ ፊውዝ መቃጠል ይጀምራል።

ለብዙ መኪኖች በየሞዴሉ የተሠራ መቀየሪያ ሶኬት ይሸጣል። አንዱ ጫፍ የመኪናው ሶኬት ላይ ይሰካል፣ ሌላው ከአዲሱ ቴፕ ጋር ይያያዛል። ሽቦ ማያያዝ ካስፈለገህ መቀየሪያው ላይ አያይዝ፤ የመኪናው ሳይነካ ይቀራል። ነገ የድሮውን ልመልስ ብትል ነቅለህ መሰካት ብቻ ነው።

ልኩንም አስቀድመህ እይ፤ የቴፕ መግቢያ ክፍተት መደበኛ ልክ «ዲን» ይባላል። ነጠላ ዲን 180 በ50 ሚሊሜትር፣ ድርብ ዲን 180 በ100 ሚሊሜትር ነው። ብዙ ቶዮታዎች ግን ክፍተታቸው 200 ሚሊሜትር ስለሚሰፋ ግራና ቀኙን የሚሸፍን ፍሬም ያስፈልጋል። ባለ 9 እና 10 ኢንች ስክሪን ከሆነማ ያለ ሞዴሉ ፍሬም አትሞክረው። የድሮው ቴፕ ኮድ የሚጠይቅ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ኮዱን ሳትይዝ ባትሪ እንዳትፈታ።

ሥራውን ስትጀምር የባትሪውን ነጌቲቭ ፍታና ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ። ዳሽቦርዱን በካቻቢቴ አትፈልቅቀው፣ ይቧጨራል፤ የፕላስቲክ መፈልቀቂያ ተጠቀም። ቢጫ ሶኬት ካየህ አብዛኛውን ጊዜ የኤርባግ ስለሆነ አትንካው።

አሁን ወደ ሽቦዎቹ። በአዲሱ ቴፕ በኩል ቀለሙ በአብዛኛው የተለመደው ነው፦ ቢጫው ሁልጊዜ ኃይል ያለበት፣ ቀዩ የመኪናው ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኃይል የሚያገኝ፣ ጥቁሩ ማሳ (ከመኪናው ቦዲና ከባትሪው ነጌቲቭ ጋር የሚገናኘው)። በመኪናው በኩል ግን እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱ ቀለም አለው። ስለዚህ ቀለም አይተህ አትገምት፣ በቴስተር (ቮልትና አምፔር በሚለካው መሣሪያ) ለካ። ለመለካት ባትሪውን መልሰህ ካሰርክ በኋላ የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ንጹህ ብረት ላይ አስነካ። ቁልፉ ወጥቶም 12 ቮልት አካባቢ የሚያሳየው ሽቦ ለቢጫው ነው። ቁልፍ ሲከፈት ብቻ የሚነሳው ለቀዩ ነው። ሁለቱ ከተገለባበጡ ቁልፍ ባጠፋህ ቁጥር ሰዓቱና ሴቲንጉ ይጠፋል። ቀዩንም ከሁልጊዜው ኃይል ጋር ካያያዝከው ስክሪኑ አይተኛም፣ ባትሪህን ይጨርሳል። አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ላይ ደግሞ ቁልፍ ሲከፈት የሚነሳ ሽቦ ቴፑ ጋ ጭራሽ የለም፤ ምልክቱ የሚመጣው በካን ባስ ነው፣ ማለትም የመኪናው ኮምፒውተሮች መልእክት በሚለዋወጡበት መስመር። ለእነሱ የካን ባስ ሳጥን ግዛ፣ የመሪው ላይ ቁልፎችም የሚሠሩት ብዙውን ጊዜ በእሱ ነው።

ሰማያዊው ሽቦ ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። ከቴፑ የሚወጣ ኃይል ነው፣ የአንቴናውን ማጉያ ያስነሳል። ቴፕ ከተቀየረ በኋላ «ኤፍኤም አልይዝ አለኝ» የሚል ሰው ስሰማ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ከባትሪ ኃይል እንዳታስገባበት፣ ቴፑን ያበላሻል።

ስፒከር ላይ በጣም ተጠንቀቅ። ነጭ የፊት ግራ፣ ግራጫ የፊት ቀኝ፣ አረንጓዴ የኋላ ግራ፣ ሐምራዊ የኋላ ቀኝ ነው፤ ጥቁር መስመር ያለበት ነጌቲቩ ነው። ይህ ነጌቲቭ ግን ማሳ አይደለም! የዛሬ ቴፖች ኃይል የሚልኩት በሁለቱም ሽቦ ነው፤ አንዱን ከቦዲ ጋር ካገናኘኸው የቴፑ ድምፅ ማጉያ ቺፕ ሊቃጠል ይችላል። የመኪናው ስፒከር ሽቦ የትኛው እንደሆነ ከጠፋህ ሶኬቱን ከቴፑ ነቅለህ 1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ለቅጽበት አስነካበት። ስፒከሩ ጠቅ ይላል። ሽፋኑን አውጥተህ ካየኸው ወረቀቱ ወደ ውጭ ከተገፋ የባትሪው ፖዘቲቭ ያረፈበት የስፒከሩ ፖዘቲቭ ነው። አንዱ ከተገለበጠ ድምፅ ይኖራል፣ ቤዙ ግን ይሳሳል፤ ሰው ግን ስፒከሩን ይወቅሳል።

ማያያዣውን ከቻልክ በስታኞ በይደው፣ ካልቻልክ በፒንሳ የሚጨመቅ ማያያዣ ተጠቀም። ማሳውን በደንብ እሰረው፤ ጋዝ ስትሰጥ አብሮ የሚጮህ ድምፅ ከሰማህ መጀመሪያ ማሳውን ፈትሽ።

ብሎኖቹን ከማሰርህ በፊት ሁሉንም ሞክር፦ አራቱን ስፒከር አንድ በአንድ፣ ኤፍኤሙን፣ ማይኩን፣ የኋላ ካሜራውን። ከዚያ ቴፑ ጠፍቶ ባትሪ እንደማይበላ ለማረጋገጥ ቁልፉን አውጣ፣ በሩን ዝጋ፣ መኪናው እስኪተኛ ጠብቅ። ቴስተሩን አምፔር ላይ አድርገህ በባትሪው ነጌቲቭና በገመዱ መካከል አስገባው፤ ቴስተሩ እዚያ እያለ ግን ሞተር እንዳታስነሳ። ንባቡ ከ50 ሚሊአምፔር በታች ከሆነ ዳሽቦርዱን ዝጋው። ከበለጠ ቀዩን ሽቦ እንደገና ለካና ውጤቱን እዚሁ ጻፍልኝ፣ አብረን እናየዋለን።