«አለኝ» እና «አለን»፦ ስለ ጭንቀት ለተጠየቁ ሦስት ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ለዚህ ዕትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱን በአንድ ላይ መርጠናል። ጸሐፊዎቹ የማይተዋወቁ ቢሆኑም የሚያስጨንቃቸው ነገር የሚገናኝ ነው፤ ሦስቱም አብረናቸው የምንኖር፣ የምንሠራና የምንሰበሰብ ሰዎች በአእምሯችንና በአካላችን ላይ ምን እንደሚያደርጉ ይጠይቃሉ። የጸሐፊዎቹን ማንነት የሚጠቁሙ ነገሮችን አውጥተናል።

ጥያቄ፦ የ61 ዓመት ሰው ነኝ። በአንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት 34 ዓመታት ካገለገልሁ በኋላ ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጣሁ። በዚያው ሰሞን የኖርንበት ሰፈር ለልማት ስለተነሣ በከተማው ዳር ወደሚገኝ ኮንዶሚኒየም ገባን። ልጆቼ ስለሚደጉሙን የሚጎድልብን ነገር የለም፤ ሐኪም ዘንድ ቀርቤም የደም ግፊትም ሆነ ስኳር እንደሌለብኝ ተነግሮኛል። ሆኖም ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ይለኛል፣ ቀን ደረቴን ጨምድዶ ይይዘኛል፣ በትንሽ በትልቁ ባለቤቴን እቆጣለሁ። ልጆቼ «አባዬ፣ አንተ የሚያስፈልግህ ዕረፍት ነው» ይሉኛል። እኔ ግን ያመመኝ ዕረፍቱ ራሱ ይመስለኛል። ነገሩ በሽታ ነው ወይስ እርጅና?

መልስ፦ የተከበሩ አንባቢያችን፣ ልጆችዎ ዕረፍት የሚመክሩዎት ከፍቅር ተነሥተው ቢሆንም፣ በእኔ እምነት ወደ እውነቱ ይበልጥ የቀረበው እርስዎ የጻፉት ነው። ጭንቀት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የሥራ ብዛትን ነው፤ ስለዚህም ሥራ የሌለው ሰው ሲጨነቅ ምክንያት የለሽ ይመስለናል። የጭንቀት ጥናት ፈር ቀዳጅ የሚባሉት ሐኪም ሃንስ ሴልዬ እ.ኤ.አ. በ1936 በአይጦች ላይ ያደረጉትን ጥናት ሲያሳትሙ፣ ብርድም ይሁን ቁስል ወይም መርዝ፣ አካል ለልዩ ልዩ ጉዳቶች ተመሳሳይ ምላሽ እንደሚሰጥ አሳይተው ነበር። ከእርሳቸው በኋላ የመጡት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሪቻርድ ላዛረስና ሱዛን ፎክማን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ሥራ፣ ሰውን የሚያስጨንቀው የገጠመው ነገር ብቻ ሳይሆን አእምሮው ነገሩን የሚመዝንበት መንገድ ጭምር መሆኑን አስረዱ። አእምሮ በመጀመሪያ «ይህ ነገር ይጎዳኛልን?» ሲል ይጠይቃል፤ ቀጥሎም «የምቋቋምበት አቅም አለኝን?» ይላል።

የእርስዎ ጉዳይ የሚገኘው በዚህ ሁለተኛ ጥያቄ ውስጥ ነው። አቅም ሲባል ለብዙ ጊዜ የሚታሰበው የግለሰቡ ገንዘብ፣ ዕውቀትና ብርታት ነበር። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ብዙ ጥናቶች ግን ሰው ለራሱ የሚሰጠው መልስ «አለኝ» ወይም «የለኝም» ብቻ እንዳልሆነ፣ ከአጠገቡ የቆሙትን ሰዎች ቆጥሮ «አለን» እንደሚልም አሳይተዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚለው የአገራችን አባባል ይህንኑ ነገር ሎሚ አስይዞ ይነግረናል።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት ያጡትን እንቁጠር። በደብዳቤዎ ባይዘረዝሩትም፣ ጠዋት በሰርቪስ አብረውዎት የሚጓዙ ሰዎች ነበሩ፤ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ቡና አብረው የሚጠጡ ባልደረቦች ነበሩ፤ ሒሳብ ሲዘጋ አብረው ያመሹ፣ ስሕተት ሲገኝ አብረው የደነገጡ ሰዎች ነበሩ። በሰፈርዎም ሰላም ካላሏቸው የሚጠይቁዎት ጎረቤቶችና የዕድሩ ሰዎች ነበሩ። ይህ ሁሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ሲቀር የደመወዝ ሊስት ላይ አይታይም፤ ስለዚህ ልጆችዎ የሚጎድልዎት ነገር እንደሌለ ቢያምኑ አይፈረድባቸውም።

ኒክላስ ስቴፈንስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተሙት ጥናት ከእርስዎ ሁኔታ ጋር በጣም ይቀራረባል። በእንግሊዝ አገር ጡረታ የወጡ 424 ሰዎችን ለስድስት ዓመታት ተከታትለው፣ ከጡረታ በፊት በስንት ማኅበራዊ ቡድኖች ይሳተፉ እንደነበርና በኋላ በስንቱ እንደቀጠሉ መረመሩ። ከጡረታ በፊት ሁለት ቡድን የነበረው ሰው ሁለቱንም ይዞ ከቀጠለ በስድስቱ ዓመታት ውስጥ የመሞት ዕድሉ 2 በመቶ ነበር፤ አንዱን ካጣ 5 በመቶ፣ ሁለቱንም ካጣ ደግሞ 12 በመቶ ሆነ። አጥኚዎቹ በዚያው መረጃ የአካል እንቅስቃሴንም መዝነው ተቀራራቢ ልዩነት አግኝተዋል። እርግጥ እንዲህ ያለው ጥናት ሰዎችን የሚከታተል እንጂ የሚፈትን አይደለም፤ ጤናው የሚዳከም ሰው አስቀድሞ ከማኅበሩ ሊቀርም ይችላል። ይህን ሁሉ ከግምት አስገብቼም ቢሆን፣ ለጡረታ የሚዘጋጅ ሰው ስለ አበሉ የሚጨነቀውን ያህል ስለ ማኅበሩም ሊጨነቅ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ሌላው ጠቃሚ ነገር የሰዎቹ ብዛት ብቻ ሳይሆን የግንኙነቱ ዓይነት መብዛቱ ነው። ሼልደን ኮኸንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት 276 ጤነኛ ፈቃደኞች አፍንጫ ውስጥ የጉንፋን ቫይረስ ጠብታ አድርገው ማን እንደሚታመም ተከታተሉ። ሁሉም ቫይረሱ ተሰጥቷቸው ሳለ፣ ከአንድ እስከ ሦስት ዓይነት ግንኙነት ብቻ ያላቸው ሰዎች በጉንፋን የመያዝ ዕድላቸው ስድስትና ከዚያ በላይ ዓይነት ካላቸው ሰዎች ከአራት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። እዚህ ላይ ባለቤት አንድ ዓይነት ናት፣ ልጆች ሌላ ዓይነት ናቸው፣ ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባና የእምነት ማኅበርተኛም እያንዳንዳቸው ሌላ ዓይነት ናቸው። እርስዎ ዛሬ የቀሩዎት ባለቤትዎና ልጆችዎ ናቸው። በባለቤትዎ ላይ የሚቆጡት እርሳቸው ስለ በደሉዎት ሳይሆን፣ ድሮ በብዙ ሰው ላይ ተከፋፍሎ የነበረው ሁሉ ዛሬ በእርሳቸው ላይ ስለ ወደቀ ሊሆን እንደሚችል ቢያስቡበት ደስ ይለኛል።

ምን ያድርጉ? በመጀመሪያ ከድሮ ሰፈርዎ ዕድር አልወጡ ከሆነ አይውጡ። ሰፈራቸው ከፈረሰ በኋላ በየአቅጣጫው ተበትነውም በወር አንድ ቀን ታክሲ ተሳፍረው የሚሰበሰቡ ዕድርተኞች አሉ፤ መንገዱ ቢያደክምም የሚሄዱት ሰው ወደሚያውቃቸው ቦታ ነው። ሁለተኛ፣ በአዲሱ ብሎክዎ ዕድር ወይም የነዋሪዎች ማኅበር ካለ ይግቡ፣ ሲገቡም እንደ እንግዳ ጥግ ይዘው አይቀመጡ። ሒሳብ የሚያውቅና የሚታመን ሰው የማያስፈልገው ዕድር አላየሁም። የሚረዱት ሰው ብቻ ሆኖ መኖር ለ34 ዓመታት ሲሠራ ለኖረ ሰው ይከብዳልና፣ ለሌላው የሚተርፉበት ቦታ ማግኘት ከመጽናናት በላይ ይጠቅምዎታል። ቴገን ክሩዊስና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳሳተሙት፣ ድባቴ ካጋጠማቸው ሰዎች መካከል አንድ ቡድን የተቀላቀሉት ሕመሙ የሚያገረሽባቸው ዕድል በ24 በመቶ፣ ሦስት ቡድን የተቀላቀሉት ደግሞ በ63 በመቶ ቀንሷል።

ይህን ስል ሕክምናን በዕድር ይተኩ ማለቴ አይደለም። የደረት መጨምደዱን ጉዳይ፣ ግፊትና ስኳር ባይኖርብዎትም፣ ለሐኪም ደግመው በግልጽ ይንገሩ፤ ልብዎ እንዲታይም ይጠይቁ። እንቅልፍ ማጣቱና ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ ሳያቋርጥ ከቀጠለ፣ ምግብ ካስጠላዎት ወይም መኖር ትርጉም የለውም የሚል ሐሳብ ከመጣብዎት፣ ሳይውሉ ሳያድሩ በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሄደው የአእምሮ ጤና ባለሙያ እንዲያገናኙዎት ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ በምሠራበት ተቋም ሁለት ክፍሎች ተዋህደው አንድ ከሆኑ ስምንት ወር አልፏቸዋል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ «እነሱ» እና «እኛ» ሆነናል። ኃላፊያችን የጋራ ምሳ አዘጋጁ፣ ለስብሰባም ከከተማ ውጭ ወሰዱን፤ እዚያም በየጎራችን ተቀምጠን ተመለስን። እኔ ከእነርሱ መካከል የድሮ ጓደኛ አለችኝ፤ አነጋግሬያት ስመለስ የእኛዎቹ ፊት ይነሡኛል። ቢሮ ልገባ ስል ሆዴ ይታመማል።

መልስ፦ እህቴ፣ የጋራ ምሳው ያልሠራበት ምክንያት ከ70 ዓመታት በፊት የተመዘገበ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ክረምት የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ተመራማሪው ሙዛፈር ሸሪፍና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት ሮበርስ ኬቭ በተባለ ፓርክ፣ ዕድሜያቸው 11 ዓመት ገደማ የሆነ 22 ልጆችን ለሁለት ከፍለው አሰፈሩ። ቡድኖቹ ራሳቸውን «እባቦቹ» እና «ንስሮቹ» ብለው ሰየሙ። አንዱ ካሸነፈ ሌላው የሚሸነፍበት ውድድር ሲጀመር፣ ባንዲራ እስከ ማቃጠልና በሌሊት የሌላውን ማደሪያ እስከ መውረር ደረሱ። ከዚያ አጥኚዎቹ አብረው እንዲበሉና ፊልም አብረው እንዲያዩ አደረጓቸው፤ ልጆቹም ማዕዱን ምግብ ለመወራወሪያ ተጠቀሙበት። ጠቡ የረገበው የሰፈሩ የውኃ መስመር ሲዘጋና ምግብ ሊያመጣ የነበረው መኪና አልነሣም ሲል ነው፤ መኪናውን ሁሉም ተረባርበው የጎተቱት ቀድሞ ገመድ ጉተታ በተፎካከሩበት በዚያው ገመድ ነበር። ካምፑ ሲያበቃ በአንድ አውቶቡስ ሄዱ፤ እባቦቹም በሽልማት ባገኙት አምስት ዶላር ለሁሉም መጠጥ ገዙ።

ይህ ጥናት የሚወቀስበት ነገር አለ፤ አጥኚዎቹ ራሳቸው ጠቡን ያባብሱ ነበር። ሸሪፍ ከአንድ ዓመት በፊት በኒውዮርክ ያደረጉት ተመሳሳይ ሙከራም ልጆቹ አንጣላም ብለው ስለ ተወዳጁ ከሽፎ ነበር። ለእኔ የከሸፈው ሙከራ ከተሳካው ያላነሰ ያስተምራል፤ ሰው ለሁለት ስለ ተከፈለ ብቻ የግድ አይጣላም፤ የሚያጣላው ብዙውን ጊዜ በላዩ ላይ የተሠራው አሠራር ነው። ስለዚህ በቢሮዎ ውስጥ ውድድሩ የት እንዳለ ይፈልጉ። የሥራ አፈጻጸም ነጥብ የሚሰጠው በድሮዎቹ ክፍሎች ተከፍሎ ነው? ዕድገትና ሥልጠና የሚታደለውስ? የሥነ ልቦና ምሁሩ ጎርደን ኦልፖርት በዚያው በ1954 ባሳተሙት ሥራ፣ መቀራረብ ጥላቻን የሚቀንሰው ሁለቱ ወገኖች በእኩል ደረጃ ሲቆሙ፣ የጋራ ግብ ሲኖራቸው፣ ግቡን ተባብረው ሲሠሩና የበላይ አካል ሲደግፋቸው እንደሆነ ጽፈዋል። የምሳ ግብዣ ኃላፊው ቢደግፉትም የጋራ ግብም ሆነ የትብብር ሥራ አይፈጥርም። ለኃላፊዎ የሚያቀርቡት ሐሳብ ካለ፣ አንዱ ክፍል ብቻውን ሊጨርሰው የማይችል አንድ ሥራ ከሁለቱም በተውጣጡ አራት ሰዎች እንዲሠራ የሚጠይቅ ቢሆን መልካም ነው።

አንድ ነገር ደግሞ እንዲያስተውሉ እፈልጋለሁ። የእርስዎ ወገን እንዲህ የተጣበቀው ክፉ ስለ ሆነ ላይሆን ይችላል። አሌክስ ሃስላምና ስቲቨን ራይከር እ.ኤ.አ. በ2001 ከቢቢሲ ጋር ባካሄዱት የእስር ቤት ጥናት፣ እስረኛ የተደረጉት ሰዎች አንድነት ሲፈጥሩ ጭንቀታቸው እየቀነሰ ሄደ፤ ሥልጣንና የተሻለ ምግብ የነበራቸው ጠባቂዎች ግን እርስ በርስ መስማማት ስላቃታቸው እየተጨነቁና እየዛሉ መጡ። ባልደረቦችዎም ከውህደቱ በኋላ ስለ ቦታቸው ሲሠጉ የተጠለሉት እርስ በርሳቸው ነው። ጓደኛዎን መተው ግን የለብዎትም። ቡና ሲጠጡ ተደብቀው አይጠጡ፤ የሚቀርቡዎትን አንዲት ባልደረባም አብረው ይጥሩ። ሦስት ሰው የተቀመጠበትን ጠረጴዛ «ከእነሱ ጋር ናት» ብሎ ማለፍ ይከብዳል።

ጥያቄ፦ ሁለት ዕድር፣ አንድ ዕቁብና ሁለት የጽዋ ማኅበር አለብኝ። ወር በመጣ ቁጥር ከወጪው ይልቅ «ለምን ቀረሽ» የሚለው ወቀሳ ያስጨንቀኛል። ሰው ጤና ነው ይባላል፤ እኔን ግን ያመመኝ ሰው ነው።

መልስ፦ እመቤቴ፣ ደብዳቤዎ ከላይ የሰጠሁትን ምክር በሚገባ ያርመዋል። ቡድን የሚጠቅመው የእኔ ነው ብለን ስንቀበለው እንጂ በመዝገቡ ላይ ስማችን ስለ ሰፈረ አይደለም። ሃስላምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት የቦምብ አምካኞችንና የመጠጥ ቤት አስተናጋጆችን አነጋግረው ነበር፤ እያንዳንዱ ወገን ከራሱ ሥራ ይልቅ የሌላው ሥራ የሚያስጨንቅ መስሎ ታየው፤ በሥራ ቡድኑ ውስጥ ራሱን አጥብቆ የሚያይ ሰውም ድጋፍ እንዳለው ይሰማው፣ ጭንቀቱም ያነሰ ነበር። ቦምብ እንኳ «የእኛ ሥራ» ሲባል ይቀልላል፤ የእኔ ያላሉት ማኅበር ግን ድግሱም ዕዳ ይሆናል።

ስለዚህ አምስቱን በሁለት ጥያቄ ይለዩአቸው። ከስብሰባው ስመለስ ቀልሎኝ ነው ወይስ ከብዶኝ የምመለሰው? ብታመም አልጋዬ አጠገብ የሚቀመጠው ከየትኛው ነው? ሁለቱንም ጥያቄ የሚያልፉትን ይያዙ። ከሌሎቹ መካከል ዕቁቡን ዙሩ ሲያልቅ አይድገሙት፤ ከጽዋ ማኅበሮቹ አንዱን ደግሞ ተረኛነትዎን ከፈጸሙ በኋላ ለሰብሳቢዋ ቀርበው፣ አቅሜና ጊዜዬ አልበቃ ስላለኝ በምርቃት አሰናብቱኝ ይበሉ። በመቅረት ከመወቀስ ይልቅ ተናግሮ መውጣት ይሻላል፤ ከሁለቱ ሲወጡም የሚሄዱባቸው ቦታዎች ቁጥር ከአምስት ወደ ሦስት ይወርድልዎታል።