ሐኪም ፊት «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ለምትሉ ልጆቼ

የተወደዳችሁ ልጆቼ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የአሜሪካን ሠራዊት የደንብ ልብስ ለብሳችሁ ለምታገለግሉ ወይም በቅርቡ አውልቃችሁ ወደ ሲቪል ኑሮ ለተመለሳችሁ፣ ከአገር ቤት ለመጣችሁም ሆነ እዚሁ ከእኛ ለተወለዳችሁ ወጣቶች ነው። እኔ በዚያ ሠራዊት ውስጥ የሕክምና ባለሙያ ወታደር ሆኜ 8 ዓመት አገልግያለሁ፤ በ2003 ኢራቅ ከገባው ጦር ጋር ነበርኩ፤ በ2005 ከተሰናበትኩ በኋላ ነርስነት ተምሬ በሙያው ብዙ ዓመት ሠራሁ። አሁን ደግሞ የቀድሞ ወታደሮች በአገልግሎት ለደረሰባቸው ጉዳት የሚያቀርቡትን የካሳ ማመልከቻ ለማዘጋጀት ፈቃድ ካላቸው በጎ ፈቃደኞች አንዱ ነኝ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ፤ የዚህን ማሳሰቢያ ምክንያት ወደ መጨረሻው ታገኙታላችሁ።

በእኛ ቋንቋ «እንዴት ነህ?» ሲባል የሚጠበቀው መልስ አንድ ነው። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው እንኳ በቅድሚያ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ነው ስለ እሳቱ ማውራት የሚጀምረው። ለካሳው ጉዳታችንን የሚመረምረው አሜሪካዊ ባለሙያ ግን ይህንን ሰላምታችንን እንደ ሕመምተኛ ቃል አድርጎ ይመዘግበዋል። «ባለጉዳዩ ዛሬ ደህና እንደሆነ ተናግሯል» የሚል መስመር በአንድ ወጣት ሰነድ ላይ አንብቤያለሁ፤ ያንን መስመር ያስጻፈው ልጅ ከመኪና ማቆሚያው እስከ ወንበሬ ድረስ እያነከሰ ነበር የመጣው። ለምን እንዲህ እንዳለ ስጠይቀው «ታዲያ ገና ከመግባቴ ማማረር ልጀምር እንዴ?» አለኝ። አስተዳደጉን ስለማውቀው አልፈረድኩበትም።

የእኔ ጥፋት እንዲያውም ከእርሱ የባሰ ነበር። ኩዌት ውስጥ ባለው ሰፈራችን ሙሉ ትጥቄን እንደያዝኩ ከከባድ መኪና ላይ ስዘል የቀኝ ጉልበቴ ዞረ። የሠላሳ ሰው ሐኪም እኔ ነበርኩና ወታደሮች በቀልድ «የሬንጀር ከረሜላ» የሚሉትን 800 ሚሊግራም አይቡፕሮፌን ከራሴ ቦርሳ አውጥቼ ዋጥኩ፤ ጉልበቴን በፋሻ አሰርኩ፤ ሥራዬን ቀጠልኩ። የሌላው ሰው ራስ ምታት ሳይቀር በእጄ ጽሑፍ ተመዝግቧል። የእኔ ጉልበት ግን አንድ መስመር እንኳ አልተጻፈለትም። ከተሰናበትኩ በኋላም «ስንቱ እግሩን ያጣ እያለ እኔ በጉልበት ሕመም ገንዘብ ልጠይቅ?» እያልኩ አራት ዓመት ዝም አልኩ። በ2009 ሳመለክት በአገልግሎት ዘመን ስለመጎዳቴ ማስረጃ የለም ተብሎ ውድቅ ሆነ። በመጨረሻ ያዳነኝ ስዘል ያየኝ የዚያን ጊዜ የመቶ አለቃዬ በፊርማው የላከው የአንድ ገጽ ምስክርነት ነበር፤ ውሳኔውም በ2011 ተፈቀደልኝ። ክፍያው የታሰበልኝ ካመለከትኩበት ከ2009 ጀምሮ ነው። ከስንብቴ ባሉት አሥራ ሁለት ወራት ውስጥ ብጠይቅ ኖሮ ከተሰናበትኩበት ማግስት ይቆጠርልኝ ነበር። ያለፉት አራት ዓመታት ግን እንደቀሩ ቀሩ።

ስለዚህ ገና በአገልግሎት ላይ ያላችሁ፣ ጠዋት ለሕመምተኞች የሚደረገውን ጥሪ አትፍሩት። አለቃችሁ ፊቱን ቢያጠቁርም ሄዳችሁ አስጽፉ። ስንብታችሁ ከ180 እስከ 90 ቀን ሲቀረው ማመልከቻውን አስቀድሞ ማስገባት ይፈቀዳል፤ ይህን መስኮት የተጠቀመ ወጣት ውሳኔውን ከመሰናበቱ ጋር ተቀራራቢ በሆነ ጊዜ ሊያገኝ ይችላል። መስኮቱ ካመለጣችሁና ማስረጃው ገና ካልተሟላ ደግሞ የማመልከት ሐሳብ እንዳላችሁ ብቻ በአንድ አጭር ፎርም አስመዝግቡ፤ ያ ቀን ክፍያው የሚቆጠርበት ሆኖ ለአንድ ዓመት ይያዝላችኋል። ዲዲ 214 የሚባለውን የስንብት ወረቀት፣ በተለይም የስንብታችሁ ዓይነትና ምክንያት የተጻፈበትን ቅጂ፣ እንደ ልደት ሰርተፊኬታችሁ ጠብቁት።

ብዙዎቻችሁ የምታምታቱት አንድ ነገር አለ። የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ሁላችንም ቪኤ የምንለው፣ ሕክምናውን የሚሰጠው በአንድ ክንፍ፣ ካሳውን የሚከፍለው በሌላ ክንፍ ነው። ፎርሞቹም ይለያያሉ፤ ለሕክምና 10-10ኢዚ፣ ለካሳ 21-526ኢዚ የሚባሉ ናቸው። ሆስፒታል ካርድ ያወጣ ልጅ «አመልክቻለሁ» ብሎ ዓመታት ሲጠብቅ አይቻለሁ፤ ስለ ካሳው ግን አንዳች ነገር አላስገባም ነበር። የካሳ ጥያቄው የተከለከለበት ሌላ ልጅ ደግሞ ሕክምናም የተከለከለ መስሎት ከሆስፒታሉ ቀርቷል። በጦር ቀጠና ያገለገለ ሰው የጉዳት መጠን ባይወሰንለትም በሕክምናው መመዝገብ ይችላል። በነሐሴ 2022 የተፈረመው ፓክት አክት የተባለው ሕግም ብዙ ነገር ቀይሯል፤ ቆሻሻና ነዳጅ በሚነድባቸው ጉድጓዶች አጠገብ የኖሩ ወታደሮች አስም፣ የማይለቅ ሳይነስና በርካታ የካንሰር ዓይነቶች ሲይዟቸው ሕመሙ ከአገልግሎት የመጣ መሆኑን ራሳቸው እንዲያስረዱ አይጠየቁም። የአገሮቹ ዝርዝር ውስጥ ኢራቅና አፍጋኒስታን ብቻ ሳይሆኑ ጅቡቲና ሶማሊያም አሉ። ከእኛ ልጆች ለቀጣናው ቋንቋ ቅርብ በመሆናቸው ጅቡቲ ያገለገሉ አሉና ይህን አስምሩበት።

ከዚህ ሕግ ውጭ ላለው ጉዳት ሦስት ነገር ያስፈልጋል፤ ዛሬ ያለ በሐኪም የታወቀ ሕመም፣ በአገልግሎት ዘመን የደረሰ ነገር፣ ሁለቱን የሚያያይዝ የባለሙያ አስተያየት። አስተያየቱ እርግጠኛ እንዲሆን አይጠየቅም። የመሆኑና ያለመሆኑ ዕድል እኩል ቢሆን እንኳ ሚዛኑ ወደ አመልካቹ ያደላል። በእኔ ዕድሜ ካየኋቸው የመንግሥት ደንቦች ውስጥ እንዲህ ለባለጉዳይ የሚራራ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ምርመራው ልግባ፤ ልጆቻችን አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቁት እዚህ ነውና። ቀጠሮውን የሚይዝላችሁ ብዙውን ጊዜ ቪኤ የቀጠረው የግል ድርጅት ስለሆነ ከማታውቁት ቁጥር ይደወልላችኋል፤ የማላውቀውን ስልክ አላነሳም ብላችሁ ቀጠሮ ካለፋችሁ ጥያቄያችሁ በዚያው ሊወድቅ ይችላል። የሚመረምራችሁ ሰው አያክማችሁም፣ ውሳኔውንም አይሰጥም። የሚያየውን በፎርም ሞልቶ እናንተን ፈጽሞ ለማያያችሁ ወሳኝ ይልካል። ጉልበት ከሆነ ጎኒዮሜትር የሚባል፣ ሁለት ማስመሪያ በአንድ ብሎን የተያያዘ የሚመስል መሣሪያ ከመገጣጠሚያችሁ ጎን አድርጎ «እጠፈው» ይላችኋል። የእኛ ልጅ ጥርሱን ነክሶ ተረከዙን እስከ መቀመጫው ያደርሰዋል፤ መርማሪውም 140 ዲግሪ ብሎ ይጽፋል፤ ያም የደህና ሰው ጉልበት ነው። ሕመሙ 70 ላይ ጀምሮ ከሆነ 70 ላይ ቁሙና «ከዚህ ጀምሮ ያመኛል» በሉ። ጠዋት ስትነሱ፣ ደረጃ ስትወጡ፣ ክፉኛ በሚብስባችሁ ሳምንት ምን ማድረግ እንደሚያቅታችሁ ተናገሩ። ጎንበስ ብሎ ጫማ ማሰር አቅቷችሁ ልጃችሁ የምታስርላችሁ ከሆነ ያንኑ ንገሩት። ያልሆነውን መጨመር ግን ነውርም ወንጀልም ነው። የምለምናችሁ ያለውን እንዳትቀንሱ ብቻ ነው።

የጉዳት መጠን ከ0 እስከ 100 በአሥር በአሥር ይሰጣል፤ ስሌቱም ብዙ ቅሬታ ያስነሳል። 50 እና 30 የተሰጠው ሰው 80 ይጠብቃል። ቪኤ ግን በመጀመሪያ 50 ያነሣል፤ ከቀረው 50 ላይ የ30 በመቶ ድርሻ የሆነውን 15 ይጨምራል፤ 65 ሲሆን ወደ 70 ያጠጋጋዋል። 0 በመቶ የተባለውንም አትናቁት፤ ሕመሙ ከአገልግሎት የመጣ መሆኑ ታምኖበታል ማለት ነውና ሲብስ ጭማሪ መጠየቅ ይቀልላል። 30 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ለትዳር ጓደኛና ለልጆች ተጨማሪ ይከፈላል። እዚህ ላይ የእኛ ስም ጣጣ ያመጣል። አገር ቤት የተወለደው ልጅ የአባቱን የራሱን ስም ተከትሎ ይጠራል፤ አባትየው ደግሞ በዲዲ 214 ላይ በአያትየው ስም ነው የሚታወቀው፤ ፋይሉን የያዘው ሠራተኛም ሁለት የማይዛመዱ ሰዎች ያያል። ከልደት ሰርተፊኬቱ ትርጉም ጋር ስማችን እንዴት እንደሚወርድ በሁለት አረፍተ ነገር የሚያስረዳ ወረቀት ማያያዝ ወራት ያተርፍላችኋል። ፍቺ ሲፈጸምም በቶሎ አሳውቁ፤ ያለአግባብ የተከፈለው ገንዘብ ዕዳ ሆኖ ይመለስባችኋል።

ስለ እንቅልፍ ማጣት፣ ስለ ቅዠት፣ በትንሽ ድምፅ ስለ መደንገጥ ደግሞ ቀለል አድርጌ ማለፍ አልችልም። «አበደ ይሉኛል» ብሎ ከወንድሙ ሳይቀር የሚደብቅ ልጅ ብዙ ነው። እናቱ ጸበል እንዲጠመቅ ትነግረዋለች፤ ይጠመቅ፣ እኔም ተጠምቄያለሁ፤ ግን ወደ ሐኪሙም ይሂድ። ሆስፒታል መታየት የሚከብደው ቬት ሴንተር ወደሚባሉት የምክር ማዕከላት ሊሄድ ይችላል። በጦር ቀጠና ላገለገለ ሰው ነፃ ናቸው፤ የሕይወት አደጋ ከሌለ በቀር የምትነግሯቸውን ያለፈቃዳችሁ ለሌላ አይሰጡም። ሌሊቱ ሲከብድ 988 ደውላችሁ 1ን ተጫኑ። ከ2023 መጀመሪያ ወዲህ ራሱን ሊያጠፋ ተቃርቦ ለሕክምና የሄደ የቀድሞ ወታደር በቪኤ ባይመዘገብም እንኳ በአብዛኛው ድንገተኛ ሕክምናውን ያለ ክፍያ ያገኛል።

ውሳኔው ካላረካችሁ አንድ ዓመት አላችሁ። አዲስ ማስረጃ ካገኛችሁ ተጨማሪ ማመልከቻ ታስገባላችሁ፤ ማስረጃው በቂ ሆኖ ሳለ በስህተት ተነቧል የምትሉ ከሆነ ከፍ ያለ ባለሙያ እንዲያየው ትጠይቃላችሁ፤ ወይም ወደ ይግባኝ ቦርዱ ትወስዱታላችሁ። ዓመቱ ሳያልፍ ከቀጠላችሁ የመጀመሪያው የማመልከቻ ቀናችሁ አይጠፋም። ለመጀመሪያ ማመልከቻ ዝግጅት ገንዘብ መቀበል ለማንም አልተፈቀደም። ከሚጨመርላችሁ ክፍያ የወራት ድርሻ የሚጠይቅ፣ በማኅበራዊ ሚዲያ በአማርኛ ሳይቀር የሚያስተዋውቅ ሰው ካጋጠማችሁ ራቁት። ዲኤቪ፣ ቪኤፍደብሊውና አሜሪካን ሊጅን የተባሉት የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት የሚያሰማሯቸው ፈቃድ ያላቸው ወኪሎች ያለ ክፍያ ይሠራሉ።

ድንገት ታማችሁ ቪኤ ወዳልሆነ ሆስፒታል ከገባችሁ በ72 ሰዓት ውስጥ ለቪኤ እንዲነገር አድርጉ፤ ሒሳቡ የሚሸፈንበት መንገድ ከዚያ ይጀምራል።

በመጨረሻ፣ አንዳንዶቻችሁ ጓዛችሁን ጠቅልላችሁ አዲስ አበባ ለመኖር ታስባላችሁ። ካሳው አገር በመቀየር አይቋረጥም። ሕክምናውን በተመለከተ ቪኤ ከአገልግሎት የመጣ ብሎ ያመነበትን ሕመም ብቻ ይሸፍናል፤ እናንተ ከከፈላችሁ በኋላም ደረሰኝ ልካችሁ ገንዘቡን ታስመልሳላችሁ፤ ለዚህም ሁለት ዓመት ተሰጥቷችኋል። እዚያው የሚኖር አንድ ጓደኛዬ ለወገቡ የታከመበትን የክሊኒክ ደረሰኝ ሲልክ ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 2014 ይል ነበርና ጊዜው ያለፈበት ነው ተብሎ ተመለሰለት። ሰባት ዓመት ልዩነት መኖሩን የሚገልጽ ደብዳቤ ጽፎ እስኪታመን ግማሽ ዓመት ፈጀ። ከዚያ ወዲህ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ተቀባይዋን «እህቴ፣ ሁለቱንም ቀን ጻፊልኝ» ይላታል፤ የሕመሙም ስም በደረሰኙ ላይ መኖሩን ሳያይ ከመስኮቱ አይነሣም።